ለዒድ ፈቃድ አንጠይቅም



የረመዳን 29ኛው ቀን ማታ በየቤታችን ምን እንደሚመስል ለዚህ ጀመዓ መንገር አያሻም። ከመግሪብ በኋላ ስልክ ከእጅ አይወርድም። ልጆች «ነገ ነው ከነገ ወዲያ?» እያሉ ያስቸግራሉ። እናት ሽንኩርቱን ትክተፍ ወይስ ታሳድር ግራ ይገባታል። አባት ሬዲዮኑን ከፍቶ ይጠብቃል። ጨረቃ ታየች ከተባለ ተክቢራ ይጀመራል፤ አልታየችም ከተባለ ጾሙ ሰላሳ ይሞላል፣ ለተራዊሕ ወደ መስጂድ ይኬዳል። ይህ ጥበቃ የዒዳችን ደስታ አንዱ ክፍል ነው። ይቅርልን ያለ የለም።

በዚያው ማታ ግን ከቤተሰቡ አንዱ ነጠል ብሎ ወደ በረንዳው ይወጣና ሌላ ስልክ ይደውላል። ይህ ሰው የመንግሥት ሠራተኛ ነው፤ የሚደውለውም ለቅርብ ኃላፊው ነው። «በማታ አስቸገርኩዎት፤ ነገ ዒድ ነው እየተባለ ነውና ቢሮ መግባት ይኖርብን ይሆን?» መልሱ እንደ ኃላፊው ይለያያል። አንዱ «እንኳን አደረሰህ፣ ይህ ደግሞ ይጠየቃል እንዴ!» ይለዋል። ሌላው «ከላይ የደረሰኝ ነገር የለም፤ ጠዋት ግቡና እናየዋለን» ይለዋል። ሦስተኛው ስልኩን አያነሳም።

ጠዋት ገብተው «ካዩት» መካከል አንዲት እህታችን ትገኛለች። በአንድ ወረዳ ጽሕፈት ቤት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ናት። የዒድ ልብሷን በፌስታል ይዛ ገባች። በሩን የከፈተላት ጥበቃው ብቻ ነበር። የሰዓት መቆጣጠሪያው ላይ ፈርማ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። ሦስት ሰዓት ተኩል ሲሆን ኃላፊው ደውሎ «ዛሬ እኮ በዓል ነው፣ ምን ትሠሪያለሽ?» አላት። ስታዲየም ስትደርስ ሰው ምንጣፉን እያጠፈ ወደ ቤቱ ይመለስ ነበር። «ፈርሜ ዒድ አመለጠኝ» ብላ ነው የነገረችን። ስትነግረን ትስቅ ነበር፤ እኛን ግን አላሳቀንም።

እዚህ ላይ ኃላፊውን ክፉ ሰው ነው ብለን ልንከስ አልተነሳንም። ክፉ እንዳልሆነ ስልኩ ራሱ ይመሰክራል። የኛ ጥያቄ ሌላ ነው። አንድ ሠራተኛ በአገሪቱ ሕግ የተሰጠውን የዕረፍት ቀን በማታ በስልክ እንዲለምን የሚያደርገው ምንድን ነው? የመስቀል ዋዜማ ማታ ወደ አለቃው ደውሎ «ነገ ልግባ ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ ሠራተኛ አለ? የለም፤ ሊኖርም አይገባም። የክርስቲያን ወንድሞቻችን በዓል ምንም የማያጠራጥር ሆኖ መከበሩ ደስ ይለናል። እኛ የምንጠይቀው ያንኑ እርግጠኝነት ነው።

ይህ መብት ከየት እንደመጣ ወጣቶቻችን ሊያውቁት ይገባል። እስከ 1966 ዓ.ም. ድረስ የሙስሊሙ በዓላት ብሔራዊ በዓላት አልነበሩም። ዒድ ቢሆን አረፋ ቢሆን ለመንግሥት መሥሪያ ቤት ተራ የሥራ ቀን ነበር። ሙስሊም ሠራተኛ ዒዱን ለማክበር የአለቃውን ደግነት መጠበቅ ነበረበት። አባቶቻችንና እናቶቻችን ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ወጡ። በመቶ ሺህ የሚገመት ሕዝብ በሰላም ተሰለፈ፤ ከጎናቸው የቆሙ ክርስቲያን ወገኖችም ነበሩ። በወቅቱ ለጠቅላይ ሚኒስትር እንዳልካቸው መኮንን መንግሥት ካቀረቧቸው 13 ጥያቄዎች አንዱ በዓላቶቻችን ብሔራዊ በዓል ሆነው እንዲከበሩ የሚል ነበር። ሌላው «በኢትዮጵያ የሚኖሩ ሙስሊሞች» መባላችን ቀርቶ «ኢትዮጵያውያን ሙስሊሞች» እንድንባል የሚጠይቅ ነበር። ሁለቱ ጥያቄዎች ጎን ለጎን መቅረባቸው ያለ ምክንያት አይደለም። በገዛ አገሩ በዓሉ በቀን መቁጠሪያ ላይ ያልተጻፈለት ሰው እንግዳ ነው፤ እንግዳ ደግሞ አስፈቅዶ ነው የሚቀመጠው።

ንጉሣዊው መንግሥት ወደቀ። በ1967 ዓ.ም. በወጣው የሕዝብ በዓላትና የዕረፍት ቀን አዋጅ ቁጥር 16 ዒድ አልፈጥር፣ ዒድ አልአድሐና መውሊድ የሕዝብ በዓላት ሆኑ። ከዚያ ወዲህ መንግሥት ተለዋውጧል፤ ሦስቱ በዓላት ግን ከቀን መቁጠሪያው አልወጡም። (በመውሊድ አከባበር ላይ በመካከላችን ያለው የአመለካከት ልዩነት የታወቀ ነው፤ እዚህ ቦታው አይደለም። ቀኑ የሕግ ቀን ነው፤ የሚያከብረውም የማያከብረውም ሙስሊም በቀኑ ላይ ያለው መብት እኩል ነው።)

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 25 ሰዎች ሁሉ በሕግ ፊት እኩል ናቸው ይላል። አንቀጽ 27 የሃይማኖት ነፃነትን ያረጋግጣል፤ ሃይማኖትን በተግባር መፈጸምን ጭምር። ወደ ቢሮው በር ስንጠጋ ደግሞ የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅን እናገኛለን። ይህ አዋጅ ማንኛውም የመንግሥት ሠራተኛ በሕዝብ በዓላትና በሳምንት ዕረፍት ቀን የመሥራት ግዴታ እንደሌለበት፣ ደመወዙም እንደማይቀነስበት በግልጽ ደንግጓል። አስገዳጅ ሁኔታ አጋጥሞ በበዓል እንዲሠራ የታዘዘ ሠራተኛ የትርፍ ሰዓት ክፍያ ወይም የማካካሻ ዕረፍት ያገኛል። አንባቢ ልብ ይበል፦ ሕጉ «ኃላፊው ሲፈቅድ» አይልም። ሠራተኛው እንዲሠራ ማዘዝ ያለበት መሥሪያ ቤቱ ነው፤ ለማዘዝም አስገዳጅ ምክንያት ሊኖረው ይገባል። ሠራተኛው እንዳይሠራ ማስፈቀድ አይጠበቅበትም። በተግባር ግን ነገሩ ተገልብጦ ምክንያት እንዲያቀርብ የሚጠየቀው ሠራተኛው ሆኗል።

ኃላፊዎች የሚሰጡት ምክንያት አንድ ነው፦ «የናንተ በዓል ቀኑ አይታወቅም።» ይህን አባባል ቀረብ ብለን እንመርምረው፤ ምክንያቱም ብዙ ሙስሊሞችም ሳይመረምሩ ተቀብለውታል።

ከሦስቱ በዓላት ዒድ አልአድሐ የሚውለው በዙልሒጃ 10 ነው። የዙልሒጃ ጨረቃ ከታየችበት ማታ ጀምሮ የበዓሉ ቀን ለሁሉ የታወቀ ነው፤ ለመሥሪያ ቤቱ ዘጠኝ ሙሉ ቀናት አሉት። መውሊድ የሚውለው በረቢዑል አወል 12 ነው፤ እዚህ ላይ ደግሞ ጊዜው ከዚያም ይበልጣል። አንድ ደብዳቤ ጽፎ፣ ቁጥር ሰጥቶ፣ ማኅተም መትቶ በየክፍሉ ለማሰራጨት ዘጠኝ ቀን የማይበቃው መሥሪያ ቤት ካለ ችግሩ ከጨረቃ አይደለም። ስለዚህ «አይታወቅም» የሚለው ቃል ሊነገር የሚችለው ለዒድ አልፈጥር ብቻ ነው። እርሱም ቢሆን ከሁለት ቀን ከአንዱ አይወጣም፤ ወይ ከ29ኛው ቀን ማግስት ነው፣ ወይ ከ30ኛው ማግስት። ረመዳን የጀመረበትን ቀን የሚያውቅ ሰው ሁለቱን ቀናት ከአንድ ወር በፊት በቀን መቁጠሪያው ላይ ማክበብ ይችላል። የማይታወቀው ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ ብቻ ነው፤ ያም ለአንድ ሌሊት።

እንግዲህ ለሁለት ቀን አስቀድሞ ማሰብ ምን ያህል ከባድ ነው? በነዚያ በሁለቱ ቀናት የጨረታ መክፈቻ አለማድረግ፣ የደረጃ ዕድገት ፈተና አለመጥራት፣ የሥራ ቃለ መጠይቅ አለመያዝ፣ ከክፍለ ሀገር ሰው የሚጠራበት ሥልጠና አለማዘጋጀት ነው። ሌላ ምንም አይደለም። የዒድ ዕለት ለተጠራ የደረጃ ዕድገት ፈተና አንድ ወንድማችን ሳይቀርብ ቀረ። «ያልቀረበ ራሱን እንዳገለለ ይቆጠራል» ተብሎ ዕድሉ አለፈው። ፈተናው የተጠራው በዓሉ ነገ ሊሆን እንደሚችል ሁሉም በሚያውቅበት ሳምንት ነበር። ቅሬታውን በጽሑፍ አቀረበ፤ እስከ ዛሬ መልስ አልተሰጠውም። የአንድ ደረጃ ልዩነት በየወሩ ከደመወዙ ይጎድላል፤ ጡረታ ሲወጣም ከጡረታው ይጎድላል። የበዓል ነገር ትንሽ ነው የሚሉን ሰዎች ይህን ስሌት ቢሠሩት ደስ ይለናል።

የሒጅራ ዓመት 354 ወይም 355 ቀን ነው። ስለዚህ በዓላችን በየዓመቱ 11 ቀን ያህል እየቀደመ በ33 ዓመት ገደማ ወቅቶችን ሁሉ ያዳርሳል። ይህ ማለት ከመንግሥት ሥራ ጥድፊያ ጋር መገጣጠሙ አይቀሬ ነው። በ2008 ዓ.ም. ዒድ አልፈጥር የዋለው ሰኔ 29 ቀን ነበር፤ የበጀት ዓመቱ ሊዘጋ አንድ ቀን ሲቀረው ማለት ነው። በፋይናንስና በግዥ ክፍል የሚሠሩ ወገኖቻችን ያን ዓመት እንዴት እንዳሳለፉት አይረሱትም። በዚያው ዓመት የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና አስቀድሞ በመውጣቱ ተሰርዞ እንደገና ቀን ሲያዝለት፣ አዲሱ ቀን ከዒድ ጋር ተጋጨ። ሕዝበ ሙስሊሙ ድምፁን አሰማ፤ ፈተናውም ወደ ሐምሌ ተዛወረ። ይህን የምናነሳው ለቁጭት አይደለም። በመላ አገሪቱ የሚሰጥ ፈተና፣ ያን ሁሉ ተማሪና ፈታኝ ይዞ፣ ለዒድ ሲባል መዛወር ከቻለ የአንድ መሥሪያ ቤት ስብሰባ መዛወር አይችልም የሚል ሰው ምን ሊለን ይችላል?

ስለ ጁሙዓም አንድ ነገር እንበል፤ ነገሩ ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነውና። የመንግሥት ሠራተኛ መደበኛ የሥራ ሰዓት በሳምንት ከ39 ሰዓት አይበልጥም። ብዙዎቻችን ይህ ቁጥር ለምን 40 እንዳልሆነ ጠይቀን አናውቅም። እንቁጠረው። ከሰኞ እስከ ሐሙስ ጠዋት ከ2፡30 እስከ 6፡30፣ ከሰዓት ከ7፡30 እስከ 11፡30 ይሠራል። በቀን ስምንት፣ በአራት ቀን 32 ሰዓት ነው። ዓርብ ግን የጠዋቱ ሥራ 5፡30 ላይ ያበቃል፤ ከሰዓት 7፡30 ላይ ይጀምራል። የዓርብ ሰባት ሰዓት ሲደመር 39 ይመጣል። ያቺ የጎደለችው አንድ ሰዓት የጁሙዓ ሰዓት ናት። ሙስሊሙ ኹጥባ ሰምቶ ሰግዶ የሚመለስባት፣ ሌላው ሠራተኛም ሰፋ አድርጎ ምሳ የሚበላባት ናት፤ ይባረክለት። በሥራ ሰዓቱ ድልድል ውስጥ አስቀድማ የተቆጠረች ናትና ማንም በችሮታ አይሰጠንም። ታዲያ ዓርብ 5፡30 ላይ «ለአሥር ደቂቃ» ተብሎ የሚጠራ፣ ነገር ግን 6፡45 የሚያልቅ ስብሰባ ከየት መጣ? «ሶላትህን በኋላ ትደርስበታለህ» የሚሉ ኃላፊዎች ጁሙዓ በጀመዓ እንጂ በኋላ ለብቻ የማይደረስበት መሆኑን ላያውቁ ይችላሉ። እኛ ስላልነገርናቸውም ይሆናል። እንንገራቸው።

በዓል ቀን ሥራ የማይቆምባቸው ቦታዎች እንዳሉ እናውቃለን። ሆስፒታል በዒድ አይዘጋም። እሳት አደጋ አይዘጋም። የመብራትና የውኃ ጥገና፣ አየር ማረፊያ፣ ፖሊስ፣ እነዚህ ሁሉ ተረኛ ያስፈልጋቸዋል። በዒድ ሌሊት ምጥ የያዛት እናት አዋላጅዋ ሙስሊም ስለሆነች አትጠብቅም፤ ያቺ አዋላጅም አጅሯ ከአላህ ዘንድ አይጠፋም። በነዚህ ቦታዎች ላይ እጅግ ያማረ ልማድ አለ። የመንግሥት መመሪያ ሳይጠብቁ ሠራተኞች በመካከላቸው ይቀያየራሉ። ሙስሊሟ ነርስ ለፋሲካና ለገና ተረኛ ትሆናለች፤ ክርስቲያኗ ነርስ ለዒድና ለአረፋ። አንዲት የጤና ባለሙያ እህታችን ከሥራ ባልደረባዋ ጋር ለዓመታት እንዲህ ሲቀያየሩ እንደኖሩ፣ ለዒድ ተረኛ ለምትሆነው ባልደረባዋም ከሰላት በኋላ የዒድ ምግብ በሳህን ይዛላት እንደምትሄድ አጫውታናለች። መንግሥት እንዲያደርግ የምንጠይቀው ይህን ልማድ እንዲያውቀው ነው። የተረኛ ዝርዝር ከበዓሉ በፊት ይውጣ፤ በስምምነት መቀያየር ይፈቀድ፤ በበዓሉ የሠራም ክፍያው ወይም የማካካሻ ዕረፍቱ ሳይጓተት ይሰጠው። በአንዳንድ ቦታ ልውውጡን የክፍል ኃላፊው «ፎርማት የለውም» ብሎ ይከለክላል፤ ዝርዝሩም ተረኛው ጠዋት በር ላይ ሲደርስ ይለጠፋል።

በመሥሪያ ቤቱ ግቢ ውስጥ ሆነው የመሥሪያ ቤቱ ሠራተኛ ያልሆኑ ወገኖችም አሉ። የጽዳትና የጥበቃ ሠራተኞች ብዙዎቹ በኤጀንሲ በኩል የሚቀጠሩ ናቸው። እነርሱን የሚመለከተው የሠራተኞች አዋጅ ሳይሆን የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። በዚህ ሕግ በሕዝብ በዓል የሠራ ሰው ለሠራበት ለእያንዳንዱ ሰዓት የሰዓት ደመወዙ ሁለት እጥፍ ይከፈለዋል። በወር ደመወዝ የሚሠራ ሰው ደግሞ በበዓል ስላልሠራ ደመወዙ አይቀነስም። ያቺን እህታችንን በዒድ ጠዋት በር የከፈተላት ጥበቃ እጥፉን አግኝቶ ይሆን? አልጠየቅነውም። መጠየቅ ነበረብን።

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ፤ ሁሉንም በመንግሥት ላይ መጣል ከእውነት ጋር አይሄድም።

አንደኛ፣ ብዙዎቻችን የዒድን ቀን የምናገኘው በውሸት ነው። «አመመኝ» ብሎ የሕመም ፈቃድ መጠየቅ፣ «ለቅሶ አለብኝ» ብሎ መቅረት የተለመደ ሆኗል። ሠላሳ ቀን ጾሞ ምላሱን ከውሸት የጠበቀ ሰው ጾሙን በውሸት ሲፈታ ማየት ያሳዝናል። ከዲኑ በኩል ያለውን ዑለሞቻችን ይናገሩ። በመብት በኩል ግን ጉዳቱ ይህ ነው፦ በሕመም ፈቃድ የቀረ ሠራተኛ በመሥሪያ ቤቱ መዝገብ ላይ ሕመምተኛ ሆኖ ይቀራል። ዒድ ያከበረ ሙስሊም በመዝገቡ ላይ የለም። በዓመቱ መጨረሻ ኃላፊው «በዚህ መሥሪያ ቤት የበዓል ችግር ገጥሞን አያውቅም» ብሎ ቢጽፍ አልዋሸም፤ እኛ ነን ያዋሸነው። ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል ይላል ያገራችን ሰው።

ሁለተኛ፣ የጨረቃውን ዜና በተመለከተ የኛው ተቋማት ድርሻ አላቸው። የዒድ ብስራት አንዳንድ ጊዜ እጅግ መሽቶ ይነገራል፤ አንዳንድ ጊዜም በማኅበራዊ ሚዲያ ሁለት ዓይነት ወሬ ከተራወጠ በኋላ ነው መግለጫው የሚወጣው። በመሐል ሠራተኛው ይንከራተታል። ከመጅሊሱ የምንጠብቀው በ29ኛው ማታ የሚሰጠው መግለጫ በአንድ አፍ፣ በተቻለ ፍጥነት፣ በሬዲዮና በቴሌቪዥን እንዲነገር ነው። በመንግሥት ላይ የምንጭነውን የጽሑፍ ግዴታ በራሳችን ላይም ልንጭን ይገባል።

ሦስተኛው ነገር ያነሰ ይመስላል። ለአረፋ አገር ቤት የሚገባው ብዙ ነው። ስልጤውና ጉራጌው ለአረፋ ቤተሰቡ ዘንድ ካልደረሰ ዓመቱ እንደጎደለበት ይቆጥረዋል። አንድ የበዓል ቀን ለዚህ መንገድ እንደማይበቃ ግልጽ ነው። ተጨማሪ የበዓል ቀን ግን አንጠይቅም፤ ሕጉ የዓመት ዕረፍት ሰጥቷል። ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 20 የሥራ ቀናት አሉ፤ አገልግሎት ሲጨምር ቀኑም ይጨምራል። ችግሩ ዕረፍታችንን የምናስብበት ከበዓሉ ሁለት ቀን በፊት መሆኑ ነው፤ ያኔ ደግሞ ኃላፊው «ሰው የለኝም» ቢል እውነቱን ነው። የዕረፍት መርሐ ግብር በዓመቱ መጀመሪያ ሲሞላ የአረፋን ሳምንት አስቦ የሚያስመዘግብ ሙስሊም ከየመሥሪያ ቤቱ ስንት ይገኛል? ዙልሒጃ መቼ እንደሚገባ በግምት ማወቅ ለማናችንም አይከብድም።

የምንጠይቀው እንግዲህ አዲስ አዋጅ አይደለም። አዋጁ አለ። ያጣነው የፌዴራል ሲቪል ሰርቪስ ኮሚሽን ለሁሉም መሥሪያ ቤቶች፣ የክልል ቢሮዎችም በየክልላቸው፣ የሚበትኑት አንድ ገጽ ሰርኩላር ነው። በዚያ ገጽ ላይ ሊሰፍር የሚገባውን በዚህ ጋዜጣችን ላይ በግልጽ እናስቀምጣለን። የዒድ አልፈጥር ቀን በብሔራዊ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ከተነገረበት ቅጽበት ጀምሮ ሌላ ደብዳቤ ሳይጠበቅ በሁሉም መሥሪያ ቤት የበዓል ቀን ይሁን፤ በዕለቱ የሰዓት መቆጣጠሪያ አይያዝ። ዒድ ሊውልባቸው በሚችሉት በሁለቱም ቀናት ፈተና፣ ቃለ መጠይቅ፣ ጨረታና ሥልጠና አይያዝ፤ ተይዞ የተገኘ ከሆነም ያልቀረበ ሠራተኛ መብቱ አይነካበት። ለዒድ አልአድሐና ለመውሊድ ወሩ በገባ በሦስት ቀን ውስጥ ማስታወቂያ ይለጠፍ። የተረኛ ዝርዝር አስቀድሞ ይውጣ፤ ልውውጥ ይፈቀድ። የዓርቡ ከ5፡30 እስከ 7፡30 ያለው ጊዜ ስብሰባ የማይጠራበት ይሁን።

በዓል ቅዳሜ ወይም እሑድ ሲውል ሰኞ ይካካስ የሚሉ ወንድሞች ጽፈውልናል። ይህ ፋሲካን ጨምሮ የሁሉም በዓል ጥያቄ ነው፤ የኛ ብቻ አድርገን ልናነሳው አልፈለግንም።

ሻዕባን እየተጋመሰ ነው። ወደ ዒድ የቀረን አንድ ወር ተኩል ገደማ ነው፤ ለአንድ ገጽ ሰርኩላር ይበቃል። በመጪው ጁሙዓ በየመስጂዱ በር ላይ የማመልከቻ ቅጽ ይታደላል። ቅጹ የሚጻፈው ለሠራተኛው መሥሪያ ቤት የሰው ኃብት ክፍል ሲሆን የሚጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ የዘንድሮው ዒድ አልፈጥር በመሥሪያ ቤታችን እንዴት እንደሚከበር በጽሑፍ ይገለጽልን። የመንግሥት ሠራተኛ የሆነ ሁሉ በስሙ ይሙላ፤ በአንድ መሥሪያ ቤት ያላችሁ በአንድ ላይ ፈርሙ፤ ፈቃደኛ የሆኑ ክርስቲያን ባልደረቦቻችሁም ይፈርሙላችሁ፣ በ1966ም አብረውን ነበሩ። ማመልከቻውን በመዝገብ ቤት አስገብታችሁ ግልባጩ ላይ ማኅተምና ቀን አስመቱ። ያለ ማኅተም የገባ ወረቀት እንዳልገባ ነው።

ኢማሞቻችን በኹጥባቸው እንዲያነሱት በአክብሮት እንጠይቃለን። መልስ የተሰጣችሁም ያልተሰጣችሁም ግልባጩን እስከ ረመዳን 15 ድረስ ለመስጂዳችሁ ኮሚቴ አድርሱ። ሊሰባሰብ የሚችለውን ሁሉ ይዘን ከረመዳን 20 በፊት ኮሚሽኑ በር ላይ እንገኛለን፤ በሰላም፣ በወረቀት፣ በሥራ ሰዓት።

አላሁ አክበር!